ወርቁ የሻማ ነበር



ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሩ አጠገብ የተቀመጥከው ወንድሜ፣ እባክህ የአዳራሹን መብራት ለሁለት ደቂቃ አጥፋልኝ። ሌሎቻችሁም ስልካችሁን ወደ ኪስ። መብራት የሄደ እንዳይመስላችሁ፤ ያስጠፋሁት እኔ ነኝ።

እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ይህችን ሻማ ልለኩስ። ከኋላዋ ያቆምኩት ከእናቴ ቤት ተሸክሜ ያመጣሁት የነሐስ ትሪ ነው። ወርቅ አይደለም፤ ውድም አይደለም። ግን እስቲ ዝም ብላችሁ እዩት። መሐሉ ልሙጥ ስለሆነ ብርሃኑን እንደ መስታወት ይመልሰዋል። ዙሪያውን ግን የተቀረጸ ሐረግ አለበት። እዚያ ላይ ብርሃኑ ይሰባበራል፤ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ብልጭ ብሎ ሥሩ ላይ ይጠፋል። አሁን ቀስ ብዬ እፍ እላለሁ። አያችሁ? ሐረጉ ሮጠ።

በቃ፣ መብራቱን አብራው። ትሪውም ተመልሶ ትሪ ሆነ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሌላ ነሐስ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽና በ19ኛው መባቻ ፓሪስ ውስጥ ስለተሠሩ፣ በወርቅ ስለተለበጡ መቅረዞች፣ የግድግዳ መብራቶችና ቻንደሊየሮች። ዓመተ ምሕረት ስጠራ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ። ስለ እነዚህ ዕቃዎች ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የነገሥታቱ ቅንጦት ነው። ቅንጦቱ እውነት ነው፤ አልክድም። እኔ ግን የመጣሁት ሌላ ክርክር ይዤ ነው፤ ወርቁ የተቀባው ለሻማው ነው። ያለ ሻማ ያየ ሰው ዕቃውን አላየውም።

ምክንያቱን ላስረዳ። የአንድ ሻማ ብርሃን በዛሬ መለኪያ 12 ወይም 13 ሉመን ገደማ ነው። ድሮ በየቤታችን ይንጠለጠል የነበረው ባለ 60 ዋት አምፖል 800 ሉመን ያህል ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ሳሎን በአንድ አምፖል ልክ ይብራ ቢባል 60 እና ከዚያ በላይ ሻማ ሊለኮስ ነው። ሻማው ደግሞ ርካሽ አልነበረም። ድሃው በሞራ ሻማ ያመሽ ነበር፤ የሚጨስ፣ የሚሸት፣ ቶሎ ቶሎ ክሩን በመቀስ ካልከረከሙት የሚደበዝዝ። ባለጠጋው የንብ ሰም ያበራል። የሰም ሻማ መዓዛው ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን ያስደነግጣል። እንግዲህ ብርሃን እንዲህ ሲወደድ አንዲቷም ጨረር እንዳትባክን ይፈለጋል። ስለዚህ ከኋላዋ መስታወት፣ ከበላይዋ ክሪስታል፣ ከሥሯ ደግሞ ወርቅ ይደረግላታል። ፈረንሳዮች የግድግዳውን መብራት «የብርሃን ክንድ» ብለው ነው የሚጠሩት። ከግድግዳ ወጥቶ ሻማ የሚይዝ ክንድ ነውና።

ቅርጹን በተመለከተ ብዙ አልቆይበትም። ከዚያ ቀደም የነበረው የሮኮኮ ዘመን ጠመዝማዛ ይወድ ነበር፤ ቅጠሉ፣ ዛጎሉ፣ ማዕበሉ ሁሉ ተደባልቆ አንዱ ጎን ከሌላው የማይመሳሰል። በ1738 ሄርኩላኒየም፣ በ1748 ደግሞ ፖምፔ ከአመድ ሥር መቆፈር ሲጀምሩ የአውሮፓ ዓይን ወደ ጥንቱ ዞረ። በፓሪስ ከ1750ዎቹ ጀምሮ «የግሪክ ጣዕም» የሚሉት ፋሽን ገባ። ቀጥ ያለ ዓምድ፣ የአውራ በግ ራስ፣ የወይራና የሎሬል ጉንጉን፣ በገና መሰል ክራር። ቀኝና ግራው እኩል፣ ታዛዥ፣ ሥርዓት ያለው። ከናፖሊዮን የ1798 የግብፅ ዘመቻ በኋላ ደግሞ ስፊንክሱ በዛ። ለዓይኔ ከሁሉም የሚልቀው በመካከሉ ያለው፣ ከ1770 እስከ 1789 የተሠራው ነው። ከዚያ በፊት ያለው ይከብዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ ወታደር ወታደር ይላል።

አሠራሩ ላይ ግን ልቆይ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነውና። መጀመሪያ ቀራጺው ሞዴሉን ይሠራል። ከዚያ ነሐሱ ይፈስሳል። አንዳንዱ በአሸዋ ቅርጽ፣ አንዳንዱ ደግሞ ቅኔ ቤት የቆያችሁ በምታውቁት መንገድ። አንጥረኛ ቅርጹን በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይመርገዋል፤ ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና የቀለጠው ማዕድን ቦታውን ይይዛል። ሰምና ወርቅ የምንለው ቃል የመጣው ከዚህ ከአንጥረኛ ቤት ነው። ነሐስን በወርቅ መለበጥም ቢሆን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አክሱማውያን በብርና በነሐስ ሳንቲሞቻቸው ላይ፣ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ መሐል፣ ጠብታ የምታህል ወርቅ ይለብጡ ነበር።

ከቅርጹ የወጣው ነሐስ ሻካራ ነው። ስለዚህ ቀረጻ የሚሠራው ባለሙያ ይረከበዋል። በትንሽ መዶሻና በብዙ ዓይነት መቅረጫ የቅጠሉን ጅማት፣ የበጉን ጠጉር፣ የጽጌረዳዋን ጠርዝ አንድ በአንድ ያወጣዋል። እዚህ ላይ ነው ጊዜ የሚበላው፤ እዚህ ላይ ነው ገንዘብ የሚሄደው። ነሐሱ ራሱ ከቀረጻውና ከልባጡ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነበር። በፓሪስ ሥርዓት አፍሳሹና ቀራጩ በአንድ ማኅበር፣ ወርቅ ለባጩ በሌላ ማኅበር የታቀፉ ነበሩ። አንዱ በሌላው ሙያ ከገባ ይካሰሳሉ፤ ሁለቱ በሕግ የተቀላቀሉት በ1776 ነው። በላያቸው ደግሞ እንደ ዶሚኒክ ዳጌር ያሉ የቅንጦት ዕቃ ነጋዴዎች አሉ። ሐሳቡን የሚያመጡት፣ ንድፉን የሚያስነድፉት፣ ለንግሥቲቱ የሚያቀርቡት እነሱ ናቸው። ሥራው የብዙ እጅ ስለሆነ ዕቃው ላይ የሠሪ ስም ያለበት ጥቂቱ ነው። ዛሬ አንድ ሻጭ ያለ ምንም ማስረጃ «ይህ የእገሌ ሥራ ነው» ብሎ በእርግጠኝነት ሲነግራችሁ ቦርሳችሁን ጠበቅ አድርጉ።

ቀጥሎ ወርቅ ለባጩ ይመጣል። ወርቁን ይፈጭና ከባዜቃ ጋር ይለውሰዋል። ባዜቃ ስትሉ ቴርሞሜትር ውስጥ የምታውቁት ሜርኩሪ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ እንደ ቅቤ ያለ ልስልስ ነገር ይሆናሉ። ያንን በብሩሽ ነሐሱ ላይ ይቀባዋል፤ ከዚያ በከሰል እሳት ላይ ያገላብጠዋል። ባዜቃ በ357 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ይተንናል፤ ይሄዳል። ወርቁ ነሐሱን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ይቀራል። ጥሩ ልባጥ እንዲሆን አንዱን ዕቃ ደጋግመው ያለብሱታል።

ገና አላለቀም። ከእሳት የወጣው ወርቅ ደብዛዛ ነው። መብረቅ ያለበትን ቦታ፣ የዓምዱን ጠርዝ ወይም የሻማ መያዣውን ከንፈር፣ በአጌት ድንጋይ እየገፉ ያንጸባርቁታል። ሌላውን ግን በጨው ድብልቅ አሙቀው ውኃ ውስጥ በመንከር ለስላሳና የማያብረቀርቅ፣ የኮክ ቆዳ የመሰለ ያደርጉታል። ይህ የማያብረቀርቅ ልባጥ በ1770 አካባቢ የገባ ጥበብ ነው፤ ስሙም ከፒየር ጉቲየር ጋር ይነሣል። የእናቴን ትሪ አስታውሱ። ልሙጡ ብርሃኑን ይወረውራል፣ ሐረጉ ይሰባብረዋል። ጉቲየር ሦስተኛ ነገር ጨመረ፤ ብርሃኑን የሚጠጣ ወርቅ። አንዲት ቅጠል ላይ ፊቷ ሲደበዝዝ ጅማቷ ያበራል፤ ሻማው ሲንቀሳቀስ ቅጠሏ ሕይወት ይኖራታል። ይህን ሁሉ ልፋት በቀን ብርሃን ለሚታይ ዕቃ የሚለፋ ሰው የለም።

ስለ ጉቲየር ትንሽ ላውራችሁ፤ ሰውየው ያሳዝነኛል። በ1732 ባር-ሱር-ኦብ በምትባል ከተማ ከኮርቻ ሠሪ አባት ተወለደ። ፓሪስ መጣ፤ ጌታው ሲሞትበት በ1758 ባልቴቷን አገባና ሱቁንም ሙያውንም ተረከበ። የሱቁ ምልክት «የወርቅ ዘለበት» ነበር። ከዚያ ዝናው ወጣ፤ የንጉሡ ቤት፣ የኦሞን መስፍን፣ የማዛረን መስፍን ሚስት፣ ንግሥቲቱ ማሪ-አንቷኔት፣ ሁሉም ደንበኞቹ ሆኑ። ለኦሞን መስፍን ያዘጋጀው የኢያስጲድ ዕጣን ማጨሻ በ1782 ለጨረታ ሲወጣ የገዛችው ንግሥቲቱ ናት፤ ዛሬ ለንደን በዋላስ ስብስብ ውስጥ ይገኛል።

ከደንበኞቹ ሁሉ የከፋችበት የንጉሡ ውሽማ ማዳም ዱ ባሪ ነበረች። ክሎድ-ኒኮላ ለዱ የተባለው አርክቴክት ሉቭሲየን ላይ አንድ የግብዣ አዳራሽ ሠራላት፤ መስከረም 2 ቀን 1771 ሉዊ 15ኛ ራሱ ተገኝቶ ተመረቀ። የዚያን ምሽት እራት ሞሮ የተባለው ሠዓሊ በውኃ ቀለም ሥሎታል፤ ሥዕሉ ሉቭር ሙዚየም አለ። ስታዩት መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚሄደው ወደ ንጉሡ አይደለም፤ ወደ ሻማዎቹ ነው። ለዚያ ቤት ጉቲየር እስከ በርና መስኮት እጀታው ድረስ ወርቅ እየለበጠ አቀረበ። ክፍያው ግን ዛሬ ነገ እየተባለ ተጓተተ። በ1787 ሰውየው ከሠረ። የፈረንሳይ አብዮት ፈነዳ፤ ታኅሣሥ 1793 ማዳም ዱ ባሪ በጊዮቲን ተቀላች፤ ንብረቷ ተወረሰ። ጉቲየር ዕዳውን ከመንግሥት ለማስመለስ በፍርድ ቤት ተከራከረ። አላገኘም። በ1813 በድህነት ሞተ። ዛሬ ኒው ዮርክ የሚገኘው የፍሪክ ስብስብ እሱ በ1781 ለማዛረን መስፍን ሚስት የሠራውን የሰማያዊ እብነ በረድ ጠረጴዛ እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃል፤ በ2016ም ለጉቲየር ለብቻው ኤግዚቢሽን አዘጋጅቷል።

ከእሱ በኋላ የመጣው ፒየር-ፊሊፕ ቶሚር ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ሥራውን በፋብሪካ መልክ አደራጀ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ቀጠረ፤ ለናፖሊዮን ሠራ፤ 90 ዓመት አልፎት ሞተ። ብልህ ነጋዴ ነበር። ከሥራዎቹ ፊት ስቆም ግን ልቤ አይነካም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ልቤን የነካው የዤራር-ዣን ጋል ቻንደሊየር ነው። ሎስ አንጀለስ ዘመድ ያላችሁ ይህን ንገሩልኝ። ጌቲ ሙዚየም መግቢያው ነጻ ነው፤ ሄደው ይዩት። ከ1818 እስከ 1819 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። መሐሉ ላይ ወርቃማ ከዋክብት የተበተኑበት ሰማያዊ ሉል አለ፤ ዙሪያውን የዞዲያክ ምልክቶች ያሉበት ቀለበት ይከበዋል፤ ሻማዎቹ በዙሪያው ይቆማሉ። በ1783 የሞንጎልፊዬ ወንድማማቾች ሰማይ ላይ ያወጡትን ፊኛ ያስታውሳል። ከታች ግን የመስታወት ጎድጓዳ ሳህን ተንጠልጥሏል። ለምን መሰላችሁ? ውኃ ተሞልቶ ወርቃማ ዓሦች እንዲዋኙበት ነው! አንባቢው ወይም ካርታ ተጫዋቹ ቀና ሲል ከራሱ በላይ ሻማ ይነድዳል፣ ዓሣ ይዋኛል፣ ከዋክብት ያበራሉ። ዕብደት ነው የሚል ይኖራል። ለእኔ ግን ጋል ከሁሉም በላይ የሙያውን ምሥጢር የገባው ሰው ነው። ወርቅ የሚያምረው የሚንቀሳቀስ ነገር ሲኖር ነው፤ ነበልባሉ አልበቃ ብሎት ዓሣ ጨመረበት።

እስካሁን ግን አንድ ነገር ዘልያለሁ። ባዜቃው ተንኖ ይሄዳል ብያችኋለሁ። ወዴት?

ወደ ወርቅ ለባጩ ሳንባ ነበር የሚሄደው። በጠባብ ክፍል፣ በከሰል ምድጃ ላይ አጎንብሶ፣ ዓመቱን ሙሉ ያንን ትነት የሚተነፍስ ሰው መጀመሪያ እጁ ይንቀጠቀጣል። ድዱ ያብጣል፣ ጥርሱ ይነቃነቃል፣ ምራቁ አይገታም። በኋላ አእምሮው ይታወካል። ይህ በሹክሹክታ የሚወራ ነገር አልነበረም፤ ፓሪስ በሙሉ የሚያውቀው የሙያው በሽታ ነው። የሚገዙትም ያውቃሉ፤ የሚያሠሩትም ያውቃሉ።

አንድሬ-አንቷን ራቭሪዮ ከሚያሠሩት አንዱ ነበር። የታወቀ የነሐስ ባለሙያ ነው፤ ግጥምም ይሞክር ነበር። በ1814 ሲሞት በኑዛዜው ውስጥ 3,000 ፍራንክ ትቶ ተገኘ። ገንዘቡ ለማን? ወርቅ ለባጮችን ከባዜቃ ለሚያድን መላ ለሚያገኝ ሰው። የሳይንስ አካዳሚው ውድድሩን አወጣ፤ በ1818 ያሸነፈው ዣን-ፒየር-ዦዜፍ ዳርሴ የተባለ ኬሚስት ነው። መፍትሔው የሚደንቅ ሆኖ አይደለም፤ ቀላልነቱ ነው የሚያበሳጨው። ከመሥሪያው ምድጃ በላይ ሰፊ ጭስ ማውጫ ይሠራል። ያንን ጭስ ማውጫ የሚያሞቅ ሌላ ትንሽ ምድጃ ይጨመራል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ የባዜቃውን ትነት ከሠራተኛው ፊት ስቦ ይዞት ይሄዳል። ይኸው ነው። ለጭስ ማውጫ የሚበቃ ጡብና ጭቃ በጉቲየርም ዘመን ነበር፤ አሳቢ ነው የጠፋው።

በእኛ ቅኔ ሰሙ ላይ ላዩን የሚታየው፣ ወርቁ የተደበቀው ነው። በእነዚህ ዕቃዎች ላይ ግን ሁለቱ ቦታ ተለዋውጠዋል። ላይ ላዩን የሚታየው ወርቁ ስለሆነ ሰሙ እሱ ነው፤ የተደበቀው ምሥጢር ባዜቃው ነው። ጨርሶም አልጠፋም። የሙዚየም ባለሙያዎች ዛሬ ልባጡን በኤክስሬይ ሲመረምሩት የባዜቃ ርዝራዥ ወርቁ ውስጥ ያገኛሉ፤ ጥንታዊውን ልባጥ ከ1840ዎቹ ወዲህ በኤሌክትሪክ ከተለበጠው የሚለዩበትም አንዱ መንገድ ይህ ነው።

የሙያው መጨረሻ የጀመረው ብርሃን ሲረክስ ነው። በ1780ዎቹ ኤሜ አርጋን የተባለ የጄኔቫ ሰው ክብ ክርና የመስታወት ቱቦ ያለው የዘይት ፋኖስ ሠራ፤ አንዱ ብቻውን የብዙ ሻማ ያህል ያበራል። ነበልባሉ ግን አይወዛወዝም። በፈረንሳይ ፋኖሱ በእሱ ስም እንኳ አልተጠራም፤ ስሙን ኬንኬ የተባለ መድኃኒት ቀማሚ ወሰደበት። ቀጥሎ ጋዝ መጣ፤ ከዚያ ኤሌክትሪክ።

ከዓመታት በፊት ከፓሪስ ሰሜን ባለው የሴንት-ኡዋን የአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ የሉዊ 16ኛ ዘመን የግድግዳ መብራት ከመስቀያው አውርዶ ገለበጠልኝ። ስቀበለው ክብደቱ እጄን ወደ ታች ጎተተው። ፊቱ ጉንጉን፣ ጥብጣብ፣ የሎሬል ፍሬ ነው። ጀርባው ግን ሻካራ ነሐስ፤ ከግድግዳ ጋር ለሚጋፈጥ ፊት ወርቅ የሚያባክን የለም። ከዚያ በጣቱ ክንዱን ተከትሎ ሄዶ አንድ ቀዳዳ አሳየኝ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ለማሳለፍ በመሰርሰሪያ የተበሳ ነው፤ የቀዳዳው ጠርዝ ወርቅ የለውም፣ ጥሬ ነሐሱ ይታያል። ሽማግሌው ምንም አላለም፤ ትከሻውን ነቀነቀ ብቻ። እኔ ግን ዋጋውን ከመጠየቄ በፊት አንድ ነገር ለመንኩት፤ ሻማ አለህ ወይ? ከመሳቢያ ውስጥ አንድ ቁራጭ አወጣ። ለኮስነው። ገዛሁት ልላችሁ ብችል ደስ ባለኝ፤ ዋጋው የእኔ ዓይነት ሰው ዋጋ አልነበረም።

ልጨርስ። ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር አለ። በቤታችሁ፣ በአያቶቻችሁ ሳጥን ወይም በደብራችሁ ዕቃ ቤት በወርቅ የተለበጠ ዕቃ፣ መስቀልም ይሁን መቅረዝ ወይም ጽዋ፣ ካለ በሎሚና በአመድ አትሹት። በመደብር የሚሸጠውን የብረታ ብረት ማጽጃም አታስነኩት። ልባጡ ከፀጉር ቢቀጥን እንጂ አይወፍርም፤ አንዴ ከተፋቀ የሚመልሰው የለም። ያብረቀርቅ ብላችሁ ስትፈትጉት የምታጠፉት ባለሙያው ሆን ብሎ እንዳያብረቀርቅ ያደረገውን ነው። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ፤ ከዚያ በላይ ካስፈለገ የሙዚየም ባለሙያ ጠይቁ።

የእናቴን ትሪ ግን ነገ ጠዋት በሎሚ እሸዋለሁ፤ እሱ ወርቅ የለበትም።